አድራሻዋን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ

የጓደኛዬ እናት አዲስ አበባ ማረፋቸውን ከእሷ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትውድ በሚባል ሰፈር፣ ተቀጥሬ የምንከባከባቸውን አሮጊት ምሳ አብልቼ ሳህን እያጠብኩ ነበር። የደወለው ወንድሟ ነው። «እማዬ አረፈች» አለኝ። አንድ አጥር የምንጋራ ጎረቤቶች ስለነበርን የእናቱ እጅ እኔንም አጉርሶ ነው ያሳደገኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አደረገና «በስልክ እንዳትነግሪያት። ሰው ሰብስበሽ፣ በጠዋት፣ እንደ ወጉ አርጃት። ብቻዋን እንዳትሆን፣ አደራ» አለኝ። እሺ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውን ሰብስቤ ወዴት ነው የምወስደው? የጓደኛዬን ቤት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ካለው ሐበሻ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህ ደግሞ እንዲሁ የሆነ ነገር አልነበረም።

ባሏ ታክሲ ይነዳል፤ ከተማውን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የተወደደ ሰው ነው። በዲቪ የመጣ እንግዳ ካለ ከኤርፖርት በነፃ የሚቀበለው እሱ ነው፤ እኔንም የተቀበለኝ እሱ ነው። ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳለታል። እቤቱ ሲገባ ግን የሚስቱን የእጅ አንጓ ሰብሯል። እሷ ሻወር ቤት አዳልጦኝ ነው አለችን፤ አመንናት። እኔማ ዳግመኛ እንዳያዳልጣት ብዬ የጎማ ምንጣፍ ገዝቼ ወሰድኩላት። ይህ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ትታው ከወጣች በኋላ ሦስት ጊዜ አገኛት፤ ሦስቱንም ጊዜ በወረቀት ነው። አንዴ የስልክ ቢል፣ አንዴ የመኪና ኢንሹራንስ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ድሮ ቤታቸው የሄደ የሐኪም ቤት ደብዳቤ አዲሱን ሰፈሯን ነገሩት። አግኝቷትም አይማታ፣ አይሳደብ፤ መኪናውን ከበሯ ፊት ለፊት አቁሞ ይቀመጣል። ወደ ሥራ ስትወጣ እዚያው ነው፣ ስትመለስም እዚያው ነው። እንዳይቀርባት የሚከለክል የፍርድ ቤት ወረቀት አወጣችበት። እሱም ወረቀቱ ከሚከለክለው ርቀት ትንሽ ራቅ ብሎ ያቆም ጀመር።

በመጨረሻ አንዲት የሴቶች መጠለያ ሠራተኛ አድራሻን በምስጢር ስለሚይዝ የመንግሥት ፕሮግራም ነገረቻት። የምትፈርም ቀን አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይከፋም፤ ግን በዚያ ሰሞን ሰው ሲያናግራት ከሦስት ቃል አንዱን ብቻ ነበር የምትሰማው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ያለ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይሰጧታል። መንጃ ፈቃዷ፣ ባንኳ፣ የመሥሪያ ቤቷ ወረቀት ሁሉ በዚያ ቁጥር ይመዘገባል። ደብዳቤዋ እዚያ ይገባና እነሱ ወደ እውነተኛ ቤቷ ይልኩላታል። በየትኛውም መዝገብ ላይ ማደሪያዋ አይገኝም። ካርድም ሰጧት። ስንነሳ ሠራተኛዋ እንዲህ አለቻት፦ «ይህ ካርድ አድራሻሽን ከመሥሪያ ቤት ይደብቅልሻል። ከሰው የምትደብቂው ግን ራስሽ ነሽ። አንድ ሰው ካወቀ ሁሉም እንዳወቀ ቁጠሪው።» ይህን በአማርኛ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ።

ከዚያ ኪራይ ቀለል ወደሚልበት ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ሎንግ ቢች ገባች። ሆስፒታል ወጥ ቤት ሥራ አገኘች። ዕቃዋን ተከራይተን ባመጣነው ቫን የጫንኩትም ያወረድኩትም እኔ ነኝ። ሰባት ወር በሰላም ኖረች። እሁድ እሁድ ስትደውልልኝ ትስቅ ነበር፤ ጎረቤቷ ስለሚያረባቸው ዶሮዎች ታወራኛለች።

እንግዲህ ወደዚያ ቤት ነበር ሰው ሰብስቤ መሄድ የነበረብኝ። ብቻዬን ሄጄ አቅፌ ልነግራት እችል ነበር። አስቤዋለሁም። ግን ብቻዋን ብትወድቅብኝስ አልኩ። እውነቱን ካወራን ደግሞ መታማትን ፈራሁ፤ «እናቷን ያህል ነገር ለብቻዋ አረዳቻት» ብሎ የሚያማኝ ሰው ከወዲሁ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። እንደ ወጉ ያደረገች ልባል ፈለግሁ። ስለዚህ ለፓስተራችን ባለቤት ደወልኩ።

«ውይ በጌታ!» አለች። «ሶ፣ ስንት መኪና እንሁን? አድራሻውን ቴክስት አድርጊልኝ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

«አድራሻ አልሰጥም። ከኋላዬ ተከተሉኝ።»

«ኦኬ፣ ኦኬ! ምን ያስቆጣሻል? ደግሞ መርዶ ያለ ሽማግሌ አይሆንም። ለጋሼ ንገሪያቸው።»

ጋሼ የምንላቸው የሁላችንም ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰርጓ ላይ ቆመው ያጋቧት፣ ከባሏም ጋር ሁለት ጊዜ ያስታረቋት እሳቸው ናቸው። ፈራሁ፤ ግን እሳቸውን ዘልዬ ማንን ልጥራ? ደወልኩላቸው።

ለቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ፌርፋክስ ላይ ተቀጣጠርን። ሁለት መኪና ያልኩት ሰባት ሆኖ ጠበቀኝ። ሁሉም ጥቁር ለብሷል፤ አንዷ ካርቶን ውኃ ጭናለች፣ ሌላዋ ሻይ በፔርሙስ ይዛለች። ሂዱ ልበል? ለልቅሶ የተነሳን ሰው ማን ይመልሳል? ጋሼን እኔ መኪና ውስጥ አስገባኋቸውና ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ይህን ቤት ለማንም አይንገሩብኝ። ያውቁታል አይደል፣ እሱ—»

«ኧረ አንቺ ልጅ! እኔ ምን ቆርጦኝ!» አሉኝ፤ ቅር አላቸው።

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ከፈተችልኝ። እኔን አላየችም፤ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን መኪኖች አየች፤ አንድ በአንድ አየቻቸው። ታክሲ ትፈልግ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ነው ጥቁር ልብሳችንን ያስተዋለችው። «እማዬ ናት?» አለችኝ። ጋሼ ቀረብ ብለው «የኔ ልጅ፣ ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ወሰደ» ሲሉ የበሩን መቃን ያዘች፤ ደግፈን አስገባናት።

ልቅሶው እንደ ልቅሶ ሆነ። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ፣ መዝሙር ተዘመረ፣ የማታውቃቸው ሴቶች ቁም ሣጥኗን ከፍተው ነጠላ አወጡላት። ወደ ቀትር ላይ ስልኬ ድምፅ አሰማ። የፓስተሩ ባለቤት በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ግሩፕ የምግብ ተራ አውጥታለች፤ እሁድ ምሳ እነማን፣ ሰኞ እራት እነማን። ከበላዩ የቤቱ ቁጥርና መንገዱ ተጽፏል። ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ያዝኳት።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ለሴቶቹ ብቻ እኮ ነው! ካላወቁ ምግቡን በምን ያመጡታል?»

እሷም በልቧ ክፋት የለም። የዚያን ቤት ሰው ሁሉ ብትፈትሹት ክፋት አታገኙበትም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ጋሼ ገቡ። ባሏን ክንዱን ይዘው ነበር የገቡት።

ጥቁር ሱፍ ለብሷል። በሩ ላይ እንደ ቆመ «እናቴን! እናቴን!» ብሎ ልቅሶውን ለቀቀው። ሰው ሁሉ ተነሳለት። ለእኚያ እናት በየዓመቱ ጫማ ይልክላቸው ነበርና ምናልባት እውነቱን አልቅሶ ይሆናል፤ ይህም ያበሳጨኛል። እያለቀሰ ፍራሹ ድረስ ሄደና ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት። «ጌታ ያጽናሽ» አላት። እሷም «አሜን» አለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ ተቀመጠ። አንዷ ሳህን ይዛ መጣችለት፤ እጁን ታጥቦ በላ። እየበላ ቤቱን አየ። መስኮቱን፣ ወደ ጓሮ የሚወስደውን በር፣ በር ላይ የተንጠለጠለውን የሆስፒታል የሥራ ልብሷን ከነመታወቂያው። ተነስቼ ልብሱን አወረድኩት። ምን ሊጠቅም? አይቶ ጨርሷል።

ፍራሹ ጋ ተንበርክኬ በጆሮዋ «ፖሊስ ልጥራ?» አልኳት። አየችኝ።

«በእናቴ ልቅሶ ላይ?»

ስልኩ እጄ ውስጥ ነበር። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰው አየሁ፤ ከመሃል አንድ የሚያለቅስ ሰው ተነስቶ በካቴና ሲወጣ፣ ጋሼ ሲጮሁ፣ ነገ ፌርፋክስ ላይ የሚወራውን አየሁ። አልደወልኩም። መጠየቅም አልነበረብኝም፤ ጠይቄ ሸክሙን መልሼ እሷ ላይ ነው የጣልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ፤ ከዚያ በላይ ያደረግሁት ነገር የለም።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆም አለና በጨዋ ደንብ እጄን ጨበጠኝ። «ጥሩ ቤት ነው ያገኘሽላት» አለ። «ፀጥ ያለ ሰፈር ነው። ፓርክ ለማድረግም ይመቻል።»

ጋሼን ውጭ ጠብቄ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ ቃል ገብተውልኝ አልነበረም?»

«ለማን ነገርኩ?» አሉ። «ለባዳ ነገርኩ? አማቱ ሞተው ባል ሳይደርስ ቢቀር ለማን ያምራል? ሲያለቅስ አላየሽም? ልቡ ተሰብሯል እኮ። ምን አጠፋሁ?» የሚጠይቁኝ ከልባቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሳልጮህባቸው ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ፖሊስ መጣ፤ እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ በመጨረሻ የደወልኩት። ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። ትዕዛዙን ጥሷልና እመዘግባለሁ አለ። ዛተባት ወይ? አልዛተባትም። ነካት? ትከሻዋን ሳማት። ምን ሊያደርግ መጣ? ሊያለቅስ። ይህን ሁሉ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። «ማን አስገባው?» ሲል እሷ ራሷ መለሰች፤ «በሩ ክፍት ነበር» አለችው። ልቅሶ ቤት በር እንደማይዘጋ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ጽፎ ጨረሰና ወረቀት ሰጥቶን ሄደ። ወደ ፕሮግራሙም ደወልኩ። የፖስታ ሣጥኑ እንዳለ ይቆያል፣ ቤቱን ግን መልሰን ልንደብቀው አንችልም አሉኝ፤ ካወቀው ከዚያ ከመውጣት በቀር መላ የለም። ረቡዕ ማለዳ ታክሲው ከዶሮዎቹ ቤት አለፍ ብሎ ቆሞ ነበር።

ዓርብ ቀን እኔ ቤት መጣች። ሐዘን ከተቀመጠች ሳምንት እንኳ አልሞላትም። መኪናዋ እስከ ጣሪያው በዕቃ ተሞልቷል፤ ማን እንደጫነላት አላውቅም። ግቢ ብላት አልገባም አለች፤ በር ላይ እንደቆመች «ስልክሽን ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ቁጥሯን ፈልጋ አጠፋችው። የላከችልኝን መልእክት ሁሉ አጠፋች። ከዚያ የተነሳናቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች፤ ቤቷ የሚታይባቸውን አጠፋች፣ ሌላውን ተወችልኝ።

«መጻፍ ካማረሽ በሳክራሜንቶው ጻፊልኝ» አለች። «ይዘገያል እንጂ ይደርሰኛል።»

«እኔንም?» አልኳት። ድምፄ የሕፃን ሆነብኝ።

«አንቺንም። አልተቀየምኩሽም፤ ሙች። ግን አባዬ ደግሞ ታሟል። እሱ ያረፈ ቀን አሁንም ሰው ትሰበስቢያለሽ። አውቅሻለሁ።»

አልሰበስብም ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም፤ ምክንያቱም እሰበስባለሁ። አቅፌ ሳምኳት፤ እንደ ልጅነታችን ሁለቱንም ጉንጯን፣ ደጋግሜ። ደረጃውን ወረደች። ከመስኮቴ መንገዱ እስከ መብራቱ ድረስ ይታያል። የመኪናዋ ሞተር ሲነሳ ስሰማ፣ በየት በኩል እንደምትታጠፍ እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።