ምርጫው ያንቺ ነው

ቢቸና ሥነ ዜጋ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌ የደከምኩበትን ሐሳብ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አቅልዬ እነግራቸዋለሁ፦ መልካም ነገር ብዙ ነው። እውቀት፣ ጸሎት፣ ቤተሰብ፣ ነፃነት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ስለዚህ ማንም የራሱን አኗኗር በሌላው ላይ አይጫን። በዚያ ዓመት ግን ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። ደክሞኝ ነበር።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ፣ ፈተናው አራት ወር ሲቀረው፣ ከክፍል በኋላ ጠበቀችኝ።

"ቲቸር፣ ትምህርቴን ትቼ ገዳም ልገባ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ምርጫው ያንቺ ነው" አልኳት። አመስግናኝ ወጣች።

በገበያው ቀን እናቷ ከገጠር መጡ። የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆመው፣ "ዝምተኛዋ መምህርት አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ እናቴ። ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም! ምንኩስና ክፉ ነው አላልኩም፤ አክስቴም መነኩሴ ነበሩ። ግን ልጄን እግዜር ጠርቷት ነው ወይስ የአባቷን ሞት ሸሽታ? ማን ጠየቃት? አንድ ቃል በያት።"

"መብቷ ነው፣ እናቴ። ላዛት አልችልም።"

"ማን እዘዢ አለሽ? ገበያ ላይ የማላውቀው ሰው የታመመች ፍየል ሊገዛ ሲል ካየሁ፣ 'ተው፣ ይቅርብህ' እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው። አንቺ ለልጄ ይቺን ታህል ነፈግሻት?"

ሰኞ ክፍል ስትመጣ እነግራታለሁ አልኳቸው። ቅዳሜና እሁድን የምላትን ሳሰናዳ ዋልኩ፦ መጀመሪያ ተፈተኚ፤ ገዳሙ የትም አይሄድም።

ሰኞ ቦታዋ ባዶ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ፣ "ትናንት በሞጣ አውቶቡስ ወደ ገዳሙ ሄደች። 'ቲቸርም ቢሆኑ አትሂጂ አላሉኝም' ብላኛለች" አለችኝ።

ብነግራት ትቀር ነበር ማለቴ አይደለም። ምናልባት እዚያ ከኔ የተሻለ ሰላም አግኝታ ይሆናል። ግን የጠየቀችኝ ፈቃድ አልነበረም፤ እኔ ዓይናፋርነቴን አክብሮት ብዬ ሰጠኋት።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትምህርት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። "ስለዚህ ማንም" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

"ቲቸር፣ ይቺ ለፈተና ትመጣለች?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ትመጣለች" አልኩና፣ እንደ ድሮው ጽፌ ጨረስኩት።