ለጫልቱ ልጅ ወላጅ ልናይ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመቱ

ከመቱ መናኸሪያ የተነሳነው እኔና ጫልቱ ነን። ጫልቱ ምሳ የምበላበት ቤት ወጥ ትሠራለች፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የልጁ አባት ለሥራ ብሎ ከሄደ ወዲህ ስልኩን ዘግቷል፤ እናቷም በሕይወት የሉም። ልጁን በጉዲፈቻ ለመስጠት አስባለች። እንወስዳለን ያሉ ሁለት ጥንዶች አሉ፤ አንዶቹ ቡሬ፣ ሌሎቹ ሶር አካባቢ።

"እትዬ፣ እርስዎ ጠንቃቃ ነዎት፤ አብረውኝ ይዩልኝ" አለችኝ።

ከደብረ ታቦር መጥቼ እዚህ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ልጅ የለኝም። ለሰው ልጅ ወላጅ ሲመረጥ ምኑ እንደሚታይ ማን ነግሮኝ? ውዳሴ ማርያም ደግሜ ተሳፈርኩ። ጎሬ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሾፌሩ በቀስታ ነዳ።

ቡሬ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ጋሼ ተፈራና ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አላቸው። ግቢው ተጠርጓል፤ ቧንቧው ውሃ አለው። ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ ጋሼ ተፈራ ጸሎት አድርሰው ቆረሱ። ልቤ ረካ። ጣሪያውን አየሁ፣ ክፍሎቹን ዞርኩ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቅኩ።

ጫልቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እትዬ፣ ቤቱን ሊከራዩት ነው እንዴ?" አለችኝ።

እትዬ አልማዝ ለሕፃኑ የገዙትን ብርድ ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። "የናትናኤል ነው" አሉ።

"ወንድ መሆኑን በምን አወቁ?" አለቻቸው ጫልቱ።

"ጸሎቴ ነዋ።"

ጫልቱ ብርድ ልብሱን ዳሰስ አድርጋ፣ "ወልጄ ሳየው ሆዴ ቢባባብኝስ? አልሰጥም ብልስ?" አለች።

እትዬ አልማዝ ወጥ ሊጨምሩልን ያነሱትን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ መልሰው ተዉት። ጋሼ ተፈራ፣ "ልጄ፣ እኛ እኮ ለዘመዱ ሁሉ ነግረናል" አሉ።

ስንወጣ ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ ትታው ተነሳች። የረሳችው መስሎኝ አንስቼ ተከተልኳት።

"ይመልሱት፣ እትዬ። ከያዝኩት ወዲያ እምቢ ማለት ይከብደኛል።"

እያፈርኩ መለስኩት። ስጦታ የተቀበለውን ሰው ያስራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመቱ ወደ ሶር

ባጃጁ ጭቃው እስኪያቆመው አደረሰን፤ የቀረውን በቡናው ጥላ ሥር ቀስ እያልን በእግር ሄድን። ገመቹና ሚስቱ ብርቄ የጭቃ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በእንጨት ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያገላብጣሉ። ውሃ የሚቀዱት ከምንጭ ነው። የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ጴንጤ ናቸው። በአርባ ወይ በሰማንያ ቀኑ ክርስትና ማን ሊያስነሳው ነው ብዬ ጠየቅኩ።

"እኛ በራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነው የምናሳድገው፤ አንዋሽዎትም" አለኝ ገመቹ።

ጫልቱ ያንኑ የቡሬውን ጥያቄ በኦሮምኛ ጠየቀች። ብርቄ ቡናውን ማገላበጧን ሳታቆም ረዘም አድርጋ መለሰች።

"ምን አለች?"

"ብታስቀሪው አለቅሳለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስወርዶኛልና ማጣትን አውቀዋለሁ። ግን ልጅሽ ነው። ቅቤ ይዤ መጥቼ አራስ እጠይቅሻለሁ። ብትሰጪኝም ማን እንደወለደችው እነግረዋለሁ" አለች።

ገመቹ በአማርኛ ጨመረበት፦ "ቅቤውን ተሸካሚው እኔ ነኝ፤ እሷ ወሬዋን ነው ይዛ የምትመጣው።"

ጫልቱ ከቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ ገና ያን ጊዜ አየኋት።

መቱ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

"እርስዎ ማንን መረጡ?" አለችኝ ከባጃጁ ስንወርድ። ቡሬን ልል ተዘጋጅቼ ነበር።

"እንጃ" አልኩ።

"እኔም ልስጥ አልስጥ ገና አላውቅም። ብርቄ ግን ስወልድ ከጎኔ ብትሆን ደስ ይለኛል። ነገ ለቡሬዎቹ ይደውሉልኝ።"

"ምን ልበላቸው?"

"ልጁ የኔ ነው፣ አይጠብቁኝ ይበሏቸው።"

ቤቴ ገብቼ ስጸልይ የትኛውን ቤት እንደምለምንላት ጠፋኝ፤ ስሟን ብቻ ጠራሁ። ሰው ልመዝን ሄጄ ጣሪያና ቧንቧ ስመዝን ውያለሁ። እናቲቱ የጠየቀችውን አንዲት ጥያቄ እኔ ዓመት ባስብም አላመጣትም። የክርስትናው ነገር ግን አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሰኞ ጠዋት ደውዬ መልእክቷን ነገርኳቸው። እትዬ አልማዝ፣ "ምን አጠፋን?" አሉኝ።

ደግ ሰዎች ናቸው። "ምንም" አልኳቸው፤ እውነት ተናግሬ እንደሆን ግን እስካሁን አላውቅም።