ደጅ ያለኸው፣ ግባ

አያቴ የቤት ወሬ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ወደ በሩ ዞሮ «ደጅ ያለኸው፣ ግባና ሙሉውን ስማ!» ይል ነበር። ደጅ ማንም የለም። እኛ የልጅ ልጆቹ እንስቅበት ነበር።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ቆቦ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ «ልጄን ለውትድርና አልሰጥም» ብሎ ለሚስቱ ሲነግራት ጎረቤቱ በመስኮት ሰምቶ ለቀበሌ ተናገረበት። ሁለት ክረምት ታሰረ። በጎረቤቱ ላይ ግን ቂም አልያዘም። «እሱንም የሚያዳምጠው ሰው ነበረ፤ ፈርቶ ነው» ይለን ነበር።

አምና ማሽላ ሲታጨድ አያቴ የሚያንጎራጉረውን በስልኬ ቀዳሁና የጓደኞቼ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከሌላም ወደ ሌላ ሄደ። ኮርቼ አሰማሁት። ፊቱ ልውጥ አለ።

«ማን ማን ሰማው?»

«ብዙ ሰው ነው አባባ። ወደዱት እኮ!»

«እነማን ናቸው?»

የግሩፑን ስም ዝርዝር ከፍቼ አየሁት፤ የማላውቃቸው ይበዛሉ።

«ደጅ ያለውን ሳታውቅ የቤቴን በር ከፈትክብኝ?» አለኝ። አልተቆጣም። ወዲያው ከግሩፑም ከስልኬም አጠፋሁት።

ዘንድሮ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። ድምፁ እኔ ዘንድ የለም። በማጥፋቴ አልተቆጨሁም ብል ውሸቴን ነው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እግሬ ግን አልገባም አለኝ።

አባባ፣ ዛሬ ደጅ ያለሁት እኔ ነኝ። ግባ በለኝ።