የተቀደደው ወረቀት

ዛሬ በአንድ ሱቅ መስኮት ባለ ሃያ ጎን ዳይስ አየሁና ዐረብ አገር በሠራተኝነት የኖርኩበት የደክዋኔው ቤት ትዝ አለኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የማዳሜ ልጅና ጓደኞቹ ዳይስ እየጣሉ የጀብዱ ተረት ይጫወታሉ። ያን ቀን ሁለት ጨዋታ ያማርጡ ነበር፦ በአንዱ የሞተ ገጸ ባሕሪ በአስማት ይነሳል፤ በሌላው ገጸ ባሕሪው የተጻፈበት ወረቀት ይቀደድና አዲስ ይጻፋል።

ልጁ አብረውኝ የሚሠሩትን እትዬ ዘሀራን ለቀልድ ያህል «የቱ ይሻላል?» አላቸው።

በዚያው ሳምንት የፊት ለፊቱ ቤት ሠራተኛ ከበረንዳ ወድቃ ሞታ ነበር።

እትዬ ሻዩን አስቀመጡ። «እውነቱ የሚቀደደው ነው። ልጅቷ በሞተች በሦስተኛው ቀን ሌላ መጥታ እዚያው ልብስ አሰጣች። ኸላስ፣ አለቀ።»

ልጆቹ «ሜርሲ» ብለው አመስግነው የሚቀደደውን መረጡ።

ሲጨርሱ በጨዋታው የሞተባቸውን ገጸ ባሕሪ የተቀደደ ወረቀት ከጠረጴዛው ሥር ጠረግኩ። ቁራጩ ላይ ስም ተጽፎ ነበር። የዚያችን ልጅ ስም ግን ዛሬም አላውቀውም።