የሙሉቀን ጉልበት

የእህቴ ልጅ ሐኪም ናት። ለጥምቀት መጥታ አርብ ገበያ ካለው ሱቄ ተቀምጣ ቆሎ እየቆረጠመች ስልኳ ላይ አንድ የራጅ ፎቶ አሳየችኝ። የማንም በሽተኛ አይደለም፣ ከትምህርቷ ነው። ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ ከአጥንቱ ጎን፣ ደመና የመሰለ ነገር ወጥቷል። ስልኩን ቶሎ መለስኩላት። ያንን ነገር በቆዳ እንደተሸፈነ በመዳፌ ነክቼው አውቃለሁ።

ሙሉቀን ጓደኛዬም የንግድ ሸሪኬም ነበር። ሁለታችንም አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነን ነው። በአባቱ በቅሎ ከወገዳ ገጠር ባቄላና ገብስ እየጫንን አርብ ገበያ እናወርዳለን። መንገዱ ያኔ መንገድ አልነበረም፤ ዛሬ መንገድ ነው ይባላል፣ መኪኖቹ ግን ገና አልተስማሙበትም። ጥቅምት ላይ ጧት ስንነሳ የባቄላው አበባ ይሸታል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሙሉቀን እያፏጨ ዳገቱን ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይወጣል። በዚያ ጥቅምት ግን ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ።

ሲሄድ ሳይሆን ሲያርፍ ነው የሚብስብኝ አለኝ። ከዚያ ከጉልበቱ በላይ አበጠ። አንድ ቀን ምሳ በልተን ጥላ ሥር ተቀምጠን እጄን ይዞ እብጠቱ ላይ አሳረፈው። ቆዳው ይተኩሳል፤ ከሥሩ ያለው እንደ ድንጋይ ነው።

«የኔ አይመስለኝም። ተጠግቶኝ የሚኖር ነገር ነው» አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

እኛ አገር ወጣት ሲታመም ቀድሞ የሚጠየቀው ምን አመመው ሳይሆን ማን አደረገው ነው። የሙሉቀን ጎረቤት እትዬ ዘነቡ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሰዉ ድስታቸውን ይገዛል፣ ዓይናቸውን ይፈራል። ቡዳ ናቸው ይባላል፤ በዚያው ድስት በልቶ ጠግቦ ነው እንዲህ የሚባለው።

ጉም ቤቱን በሸፈነበት አንድ ጧት ዘመዶቹ ከበቡት። ሥር አጭሰው ፊቱን ሸፈኑትና «ማነህ? ተናገር፣ ከየት አገኘኸው?» ይሉ ጀመር። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። የሚያወሩት እሱን አልፈው ውስጡ አለ ላሉት ሰው ነው። የገዛ እናቱ እንኳ የማታውቀው እንግዳ ይመስል አጎንብሳ ታየዋለች። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ዘነቡ ጭቃ ሲመቱ ይሰማል፤ ጧ፣ ጧ። ጥያቄው ጋብ ባለ ቁጥር ድምፁ ይጎላል። የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደዚያ ግድግዳ ዞረ።

«በቅሎዋ ናት» አለ ሙሉቀን ከጭሱ ውስጥ። «ማክሰኞ ለታ ረገጠችኝ።»

ቤቱ ተነፈሰ። ጭሱ ጠፋ፣ ወጌሻ ተጠራ። በቅሎ ለረገጠው የሚደረገው ሁሉ ተደረገለት፤ በቅቤ ታሸ፣ በቀርከሃ ታሰረ። እሱ ጋቢውን ነክሶ ይችላል። እብጠቱ ግን በታሸ ቁጥር፣ የሚቀልቡት ይመስል፣ ወፈረ። አባቱ በቅሎዋን እስቴ ተሻግረው ሸጧት። እሷም ክሱን ሳትቃወም ሄደች።

ብቻችንን ስንሆን እውነቱን ነገረኝ። በቅሎዋ አልረገጠችውም፤ ምንም የመታው ነገር የለም።

«እትዬ ዘነቡን ሊሉ ነበር» አለ። «በቅሎ ይሸጣል። ሰው ምን ይደረጋል?»

«እንግዲያ ለአባትህ ንገርና ሐኪም ጋ ይውሰዱህ። ይሄ ነገር ይገድልሃል።»

«ብናገር ጭሱ ይመለሳል።»

እግሩ እንዲድን ውሸቱ መፍረስ ነበረበት፤ ውሸቱ ከፈረሰ ደግሞ ሴትየዋ አለቀላቸው። እኔም ነጋዴ ነኝና ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። አባቱን፣ ወጌሻው ድርሻውን በደንብ ተወጥቷል፣ ግን የበቅሎ ርግጫ አጥንት ውስጥ ስንጥር ይተዋል፣ ደብረ ታቦር ደግሞ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ አለ አልኳቸው። ይህን ለመቀበል ሳምንታት ፈጀባቸው። በቃሬዛ ይዘነው ስንወጣ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ትከሻ ስንቀያየር ያስተዋልኩት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ቀሎ ነበር፣ ክብደቱ ሁሉ በእግሩ በኩል ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ትልቅ ሆስፒታል አሻገሩት። እግሩ ተቆረጠ። በምርኩዝ ተመለሰ፣ ያፏጭም ነበር። ከዚያ ሳል ያዘው። የሚቀጥለውን የባቄላ አበባ አላየም።

ፎቶው ላይ ያየሁት ምን እንደሆነ የእህቴን ልጅ ጠየቅኋት። የአጥንት ካንሰር ነው፤ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ሁለት ዘረመሎች ይቆረጡና ያለ ቦታቸው ይጋጠማሉ፤ ከመጋጠሚያው እደጊ እንጂ በቃሽ የማይል ትእዛዝ ይወጣል አለችኝ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። ብርቅ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ዛሬ የሚድኑ አሉ። ማን አደረገው ስላት ማንም አለች፤ ምትም፣ ዓይንም፣ የወላጅ ውርስም አይደለም። ዕድሜዬን ሁሉ ባለቤት የሌለው ዕቃ አላምንም። ይህኛው ግን ባለቤት የለውም፤ ለእኔ ከቡዳም የሚያስፈራው ይሄ ነው።

በሳምንቱ እትዬ ዘነቡን ልጠይቅ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ጭቃ መምታት ትተዋል። ሙሉቀን ስለ በቅሎዋ የዋሸው ለእሳቸው ብሎ እንደነበር ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አባቱ ቀኑን አላስታወሱም እንጂ የዚያን ማክሰኞ አውሰውኝ ጭቃ ስጭንባት ነው የዋለችው። እሱ አጠገቧም አልደረሰ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር በቅሎዋ ነጻ ትወጣለች። ከዚያ ማን ይቀራል?»

ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ማንም እንዳላደረገው።

«ማንም?»

«ማንም፣ እትዬ።»

እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ብዙ አዩት።

«እኔ እንኳ» አሉ፣ «አንዳንዴ ሳላውቀው እኔ ብሆንስ እል ነበር።»