ሎቭዴይና ወንዝ የወሰደው ቆርቆሮ

ሎቭዴይ ፔንግሊ በአሥራ አራት ዓመቷ እስከ አንገቷ ተቀብራ ነበር። ከቆርቆሮ ማዕድን ጉድጓዳችን አፍ አጠገብ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ድንጋይ በመዶሻ ስትፈልጥ፣ ዝናብ ያራሰው የድንጋይ ክምር ተንዶ ወረደባት። ቆፍረን እስክናወጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ቀኝ እግሯ ተሰብሮ ነበር። እሷ ግን ስለ እግሯ ትንፍሽ ሳትል፣ «መዶሻዬን ማን ወሰደው?» ብላ ተቆጣች። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ስለ ነበርሁ መመስከር እችላለሁ፤ መዶሻው በእጇ ነበር።

እግሯ ዳነ፤ ግን አጠረ። ስለዚህ ብዙ መራመድ የማይጠይቅ ሥራ ሰጧት። የተፈጨ ድንጋይ ሰፊ አካፋ ላይ አድርጋ በውሃ ታጥባለች። አካፋውን ስታወዛውዘው አፈሩን ውሃ ይወስደዋል፤ ከባዱ ጥቁር ቆርቆሮ ይቀራል። ሥራዋ የቀረውን አይቶ ድንጋዩ ምን ያህል ቆርቆሮ እንደ ያዘ መናገር ነው። ቀላል ይመስላል። እኔ ሞክሬ ጫማዬን ብቻ አጥቤ ተመልሻለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል የጉድጓዳችን አለቃ ካፒቴን ትሬሳይዝ፣ የምሥራቁ የማዕድን ሥር ባዶ ነውና በወሩ መጨረሻ ይዘጋል አለ። እዚያ ከሚሠሩት አንዱ የሎቭዴይ ባል ዲጎሪ ነበር።

«ሰኞ ለመርከብ እመዘገባለሁ» አላት ዲጎሪ። «አውስትራሊያ ሦስት ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ።»

«የአክስቴም ባል ሦስት ዓመት ብሎ ነው የሄደው። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቱ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ድንጋዩ ባዶ ነው። ካፒቴኑ ራሱ አጥቦ አይቶታል።»

«ካፒቴኑማ አካፋ ሲያወዛውዝ ዶሮ የሚያባርር ነው የሚመስለው!»

እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ ወንድሟ ጃቤዝ አዲስ ባርኔጣ አድርጎ ብቅ አለ። ጃቤዝ ከእኛ በታች፣ ከማዕድኑ የሚወርደው ቀይ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ነው። ወንዙ የሚያመጣውን ደለል እየለቀመ፣ እኛ ያመለጠንን ቆርቆሮ ያወጣል።

«ወንድም ጋሼ፣ ባርኔጣው ከየት መጣ?» አለችው።

«ከባርኔጣ ሻጭ።»

«ዓምና ኮትህ በገመድ ታስሮ አልነበር እንዴ?»

«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ እህት ዓለም!»

«መቼ መቼ ነው የሚሰጥህ?»

ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ግን ጃቤዝና ዝምታ ተዋውቀው አያውቁም። «የምሥራቁን ድንጋይ በወቀጣችሁ ሳምንት ነዋ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። «የሌላው ድንጋይ ደለል ለሾርባ እንኳ አይበቃ።»

ሎቭዴይ እግሯን እየጎተተች ወደ ቤቷ ስትፈጥን አየኋት።

ሰኞ ማለዳ፣ ዲጎሪ ለመመዝገብ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ እሷ አካፋዋን ተሸክማ ካፒቴኑ ፊት ቆማለች።

«ካፒቴን፣ የምሥራቁን ድንጋይ እንደ ገና ልጠብልዎት።»

«ሎቭዴይ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ያጠብሁ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ። ወንዙም ያውቃል።»

ወንዶቹ ሳቁ። ካፒቴኑ ሳቁን ለማስቆም ሲል ፈቀደላት። ድንጋዩን እንደ ዱቄት አድርጋ ፈጨችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንደምታጥብ እናት አጠበችው። ፒፓችንን አጭሰን ጨረስን፤ እሷ ገና ናት። በመጨረሻ አካፋውን ዘንበል አድርጋ አሳየችን። ቅንድብ የሚያህል ጥቁር መስመር ቀርቷል።

ካፒቴኑ መነጽሩን አደረገ፤ አውልቆ ወለወለው፤ እንደ ገና አደረገው።

«ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«ወንድሜ ራስ ላይ። አዲሱን ባርኔጣ አላዩትም?»

የምሥራቁ ቆርቆሮ ሲበዛ የላመ ነበር። በችኮላ ሲታጠብ ከአፈሩ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። በዚያው ወር ውሃው ቀስ ብሎ የሚያልፍባቸው ሰፋፊ ገንዳዎች ቆፈርን፤ የምሥራቁ ሥርም ሌላ አሥራ ሰባት ዓመት አበላን። ዲጎሪ መርከቡን ትቶ ጫማውን አወለቀ። ጃቤዝ ግን «የገዛ እህቴ ወንዜን ዘረፈችኝ» እያለ እስከ ገና አኮረፈ። በገና ቀን ያንኑ ባርኔጣ አድርጎ መጣና ሥጋና ድንች የተጠቀለለበትን ፓስቲዋን ሁለት በላ።

ዛሬ ጉድጓዱ ተዘግቷል፤ በሞተር ቤቱ ጭስ ማውጫ ላይ ቁራ ጎጆ ሠርቷል። ዲጎሪም ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሎቭዴይ ጋር አጥሩ ላይ ተደግፈን ስንጫወት፣ በሕይወትሽ ትልቁ ነገር ካፒቴኑን ያሳፈርሽበት ቀን ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«አንተ ደግሞ ሳትበስል አረጀህ» አለችኝ። «አክስቴ ባሏ ከሄደ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ጸጥ ያለ አልጋ ላይ ተኛች። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ዲጎሪ ሲያንኮራፋ ሰማሁ። አንድም ቀን ደኅና እንቅልፍ አልተኛሁም፤ ተመስገን።»