ተኝቶ ሰላምታ የማይመልስ ጉልበት

ከእንጅባራ ልወጣ በዋዜማው ማታ፣ ዳማ ፈረሴን ለታናሽ ወንድሜ ለአለኸኝ አስረክቤ፣ «በጥር ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል እኔው ራሴ እጋልበዋለሁ፤ የአንተ ሥራ መቀለብ ብቻ ነው» አልሁት።

ልጄ ብርቱካን ጉልበቴን ላሳክም ብላ ነው ጀርመን የወሰደችኝ። እኔ ፊደልንም ወጌሻነትንም ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ያላቀናሁት እግር በአዊ የለም። ቢሆንም ለልጅ ሲባል ሐኪም ቤትም ይገባል።

የጀርመን ብርድ ከእንጅባራ አይብስም። የጎደለው ሰላምታ ነው፤ ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝህ ግድግዳውን እያየ ያልፋል። ስለዚህ ኤምአርአይ በሚሉት፣ የጉልበትን ውስጥ በሚያነሣው መሣሪያ አስተኝተውኝ፣ በጆሮ ማዳመጫው «አሌስ ጉት?» የሚል ድምፅ ሲመጣ ደስ አለኝ። ደህና ነዎት ወይ ማለት ነው። በእኛ ቤት ተጋድሞ ሰላምታ አይመለስም። በክርኔ ቀና ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» አልሁ። ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደጋግሜ ቀና አልሁ።

ዶክተሩ ሥዕሉን አይቶ፣ «በጉልበቱ መሐል ያለው ትራስ ተቀዷል። በጥር ቀዶ ጥገና ይደረጋል» አለ።

በጥር!

«ነክተኸዋል?» አልሁት።

«አባዬ፣ ይተዉ እንጂ» አለች ልጄ።

«ተርጉሚ።»

«ሥዕሉ አለ ይላል።»

«በለው፤ እኛ አገር ፈረስ እንኳ እግሩ ተዳስሶ ነው የሚገዛ። በፎቶ የገዛ ሞኝ ነው።»

ሳቀና ዳሰሰኝ። ተቀዷል ያለውን ቦታ ሲጫን ምንም አላመመኝም። ወደ ሥዕሉ ተመልሶ ብዙ አየ። «ጠርዙ ድርብ ሆኗል፤ ተንቀሳቅሰዋል» አለ። «ማን አንቀሳቀሰዎት?»

«የራስህ ሰዎች። ሰላም አሉኝ።»

እንደገና ሊያነሡኝ ሲያስተኙኝ ልጄ፣ «አባዬ፣ ንጉሥ ቢገባም እንዳይነሡ» አለችኝ። ድምፁ መጣ፤ ዝም አልሁ። እንዲህ ያለ ብልግና በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም።

ትራሱ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ቀዶ ጥገናው ቀረ። እንዳልሁት ነው የሆነው። ዶክተሩ ግን ሌላም ተናገረ፣ ልጄም ለመተርጎም ዘገየች።

«መገጣጠሚያው አልቋል ይላል። ከእንግዲህ ኮርቻ ላይ አይወጡም።»

«እሱን በደንብ አልተረጎምሽውም» አልኋት።

ማታ አለኸኝ ደወለ። «ጋሼ፣ ለጥር ይደርሳሉ? ወይስ ዳማውን ሌላ ሰው ይጋልበው?»

«ማን ሊጋልበው? ኮርቻውን ቅባ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ዳሰሰኝ። ጨዋ ልጅ ነው።»

ከጀርባው ዳማው አሽካካ። ተነሥቼ ልመልስለት አልሁ፤ ጉልበቴ እስኪታዘዘኝ ኔትወርኩ ሄደ።